የቀሪዎች ደወል

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ታሪክ የሚወራ አይደለም። መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ልጆች ባልተኙበት ግቢ፣ አንዲት ጧፍ መሐል አቁሞ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ነውር መሆኑን ከማናችሁም በላይ አውቃለሁ። ግን አውራልን አላችሁኝ። አላልንም ልትሉ ነው? ልመናውን ፊታችሁ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ላይ ያየሁትን ልመና እምቢ ማለት አልችልበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቀድም። እኔ በመናፍስት አላምንም። የማላምን ሰው ስለሆንኩ የምነግራችሁን ያለ ጥርጥር ልትቀበሉኝ ትችላላችሁ። ያንን በር ዝጉት። ለነፋሱ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ነገሩ የድሮ ነው። በአንዲት የባቡር ከተማ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ አንዳችሁ እዚያ ዘመድ አለኝ ብላችሁ ትነሱና ታሪኬን ታርሙብኛላችሁ። ሰዓቱ ፀሐይ ገብታ ጨለማው ገና ጠቅልሎ ያልገባበት ነው። ፊት ለፊትህ የቆመው ሰው ይሁን ግንድ የማይለይበት። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። መንገዱ ድሮ ጋሪ የሚጋፋበት፣ ተሸካሚ የሚሰዳደብበት መንገድ ነበር፤ አሁን እሾህ ወርሶታል። መንገዱ ወዴት ይወስዳል? ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ። አሮጌው ጣቢያ ውስጥ ማን አለ? ማንም የለም። ማንም ከሌለ ሰውየው ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

ቆዩ፤ ስለ ጣቢያው ካላወቃችሁ ስለ ሰውየው አይገባችሁም።

ያ ጣቢያ ከከተማው ይቀድማል። መጀመሪያ ሀዲድ መጣ። ከሀዲዱ ጋር ጣቢያው ተሠራ፤ ግድግዳው ቢጫ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቀይ ሸክላ። ዙሪያው አሸዋና ጅብ ነበር። ከዚያ ባቡሩን ለማየት ሰው መጣ። የመጣው ሰው ራበውና ምግብ የሚሸጥ መጣ። የበላው ሰው ተጣላና ዳኛ መጣ። ዳኛ ከመጣ በኋላ ከተማ ነው ተባለ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሌላው ጌጥ ነው።

ጣቢያው ደወል ነበረው። ባቡር ሲነሳ ይደወላል። የመጀመሪያው ለተሳፋሪው ነው፤ የወረደ ይሳፈር። ቀጥሎ ለነጂው ይደወላል፤ መንገድህን ያዝ። የመጨረሻው ግን ባቡሩ ከዓይን ከጠፋ፣ ጭሱ ከተበተነ በኋላ ነው የሚደወለው። ለማን? ለሸኚው። የቀሪዎች ደወል ይሉት ነበር። በቃ፣ ሄዷል፤ እንባችሁን ጥረጉና ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለት ነው። ያን ደወል ሳይሰማ ከጣቢያው የሚወጣ ሸኚ የለም። ደወሉ ካልተደወለ የሄደው ሰው መንገድ ላይ ይንጠለጠላል፤ አይደርስም፣ አይመለስም፣ አይሞትም። ማን አለ እንዳትሉኝ። ከተማው በሙሉ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሰውየው። ጀማነህ ይባላል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ሚስቱ ወሰንየለሽ ትባላለች። ወሰንየለሽ ደረቷን ታመመች። እዚያ ሐኪም አልነበረም፤ ሐኪም ያለው ሀዲዱ የሚያልቅበት ከተማ ነው፣ እህቷ ዘንድ። ጀማነህ ለመንገዷ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋላት። ሸማ አልብሶ፣ ደግፎ ጣቢያ አደረሳት፤ ፉርጎው ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀመጣት። እሱ ሥራ ላይ ሊቆይ፣ ጥቂት ቋጥሮ ሊከተላት ተነጋግረዋል።

የዚያን ቀን ጣቢያው ድግስ ላይ ነበር። ምን ድግስ? የአግዳሚ ወንበር ምረቃ። አትሳቁ። እንግዳ ሲጠብቅ፣ ሸኚ ሲሸኝ የሚያርፍበት አግዳሚ ተሠርቶ ሊመረቅ ነው። ሪባን ታስሮበታል። ሰው እንዳይቀመጥበት የባቡሩን የአመድ ጉድጓድ የሚጠርጉት ሠራተኞች ሳይቀሩ ከሥራቸው ተነስተው ዘብ ቆመዋል። ሕዝቡ ከገመድ ኋላ፣ ፀሐይ ላይ፣ ቆሟል።

ተናጋሪው የአገሩ ሹም ፊታውራሪ ዘለለው ናቸው። ፊታውራሪ ሁለት ነገር አዘዙ። እሳቸው ሲናገሩ ማንም ፊቱን እንዳያዞር፣ ይህ አንዱ ነው። ሌላው፣ ንግግራቸው እስኪያልቅ ድረስ ደወል እንዳይደወል።

ጀማነህ ከገመዱ ኋላ ቆሞ የሚስቱን እጅ መስኮቱ ላይ ያያል። አንድ ዘበኛ መጣና አገጩን ይዞ ፊቱን ወደ ፊታውራሪው አዞረለት። ጀማነህም ዞሮ ቀረ። ምን ያድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ፊታውራሪው ተናገሩ። ስለ መቀመጥ ጥቅም ተናገሩ። አባቶቻችን መሬት ላይ ይቀመጡ እንደነበር ተናገሩ። ጥላው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ዞረ። ሰው መውደቅ ጀመረ፤ የወደቀውም የወደቀው ወደ ፊታውራሪው ዞሮ ነው። የባቡሩ ነጂ ቋንቋውን የማያውቅ የውጭ ሰው ነበር፤ ሰዓቱን አየና ባቡሩን ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰው። ደወል የለ፣ ፊሽካ የለ። ፊታውራሪው ባቡሩን ስብሰባ ረግጦ እንደወጣ ተራ ሰው ቆጥረው ቀጠሉ። ከዚያ፣ "ወደ ዋናው ነጥብ ስመጣ" አሉና ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። እንደቆሙ ሞቱ። ሙቀቱ ነው ተባለ።

ሰዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ንግግሩ አላለቀም። ስለዚህ ደወሉ አልተደወለም።

በሳምንቱ ከእህቷ መልእክት መጣ፤ ባቡሩ ገብቷል፣ ወሰንየለሽ አልወረደችም። ጀማነህ መኪናውን ጥሎ ሀዲዱን ተከትሎ ወጣ። በየጣቢያው ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች፣ የምታስል ሴት እያለ ጠየቀ። አላየንም አሉት። እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ከእህቷ ጋር ተላቅሶ ተመለሰ። ተላቀሰ አልኩ? ተሳሳትኩ። ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደለትም። የእድሩ ዳኛ አዝነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ደወሏ ያልተደወለላትን ሴት ሞተች ብሎ ድንኳን መትከል ደንቡ እንደማይፈቅድ ነገሩት። ድንኳኑ ግን አዲስ መሆኑን ደግመው ነገሩት።

ወደ ደወል መቺው ሄደ። ባሻ ኩምሳ ይባላሉ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ባሻዬ፣ አንዴ ብቻ ይምቱልኝ። ሞታም ከሆነ ልቅበራት፣ ኖራም ከሆነ ትምጣልኝ። ሁለቱንም አጣሁ እኮ።"

"አሁን ብመታው ለዛሬው ባቡር ነው የሚቆጠረው፣ ልጄ" አሉት ባሻ። "የዚያን ቀኑን ከልክለውኛል። የከለከሉኝ ካልፈቀዱልኝ በምን እጄ እመታዋለሁ?"

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ ነገሩን መርምሮ ትክክል ነህ አለው። የፊታውራሪን ትእዛዝ ግን የሚሽሩት ፊታውራሪው ራሳቸው ናቸው አለው። ሞተዋል አለ ጀማነህ። እናውቃለን፣ በጣም አዝነናል አሉት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ከከተማ ውጭ አዲስ ጣቢያ ተሠራ። ደወሉም ባሻም ወደዚያ ሄዱ። አሮጌው ተዘጋ። ጀማነህ ጸጉሩ ነጣ፤ መርፌ ማስገባት አቃተው። ሌላ ሚስት አግባ ሲሉት ሚስት አለኝ ይላል። ማቅ ልበስ ሲሉት ማን ሞተ ይላል። አንድ ቀን ግን ፍየል የጠፋባት ሴት ከአሮጌው ጣቢያ እየሮጠች መጣችና፣ ውስጥ ሰው እየተናገረ ነው፣ ስለ አግዳሚ ነው የሚናገረው ብላ ወደቀች። ሰው ሁሉ አማተበ። ጀማነህ ግን ተነሳ። ገባችሁ አይደል? ትእዛዙን የሚሽረው ሰውዬ ተገኘ።

ይኸው ነው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ ብቻውን የሄደው።

ደረሰ። በሩ ተገንጥሏል። ገባ። ዝም ነው። ቆመ። ምንም የለም። ልመለስ አለ። በዚህ ጊዜ፣ እህህም! አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ዞረ። ማንም የለም። ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ ሣጥን ውስጥ የከረመ የክት ካባ ሽታ። ቀጥሎ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ቀጥሎ ነጭ ጓንት አየ። ጓንቱን ብቻ። ጓንቱ አየር ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንድ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው። ከጓንቱ እጅጌ ወጣ፤ ከእጅጌው ካባ፤ ከካባው አንገት፤ ከአንገቱ ፊታውራሪ ዘለለው። ዓይናቸው አልነበረም። አፋቸው ግን ነበር። አፋቸው ጨርሶ አልተጎዳም።

"አባቶቻችን መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር" አሉ።

ጀማነህ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግድግዳ ልደገፍ ብሎ እጁን ሲሰድ እጁ ሰው ነካ። ቀዝቃዛ ትከሻ። አየ። መሳፈሪያው ሙሉ ሰው ነው።

እነማን ነበሩ? ቀሪዎች ናቸው። ጣቢያው ከቆመ ጀምሮ ደወል ያልተደወለላቸው ሁሉ። ከሁሉ ኋላ ለሀዲድ ሥራ የወጡ ወንዶቻቸውን የሸኙ ሴቶች ቆመዋል፤ የዚያን ጊዜ ደወሉ ገና አልመጣም ነበር። ከእነሱ ፊት ዘማች የሸኙ እናቶች፤ የዚያን ቀን ደወል መቺው ራሱ ዘምቶ ነበር። ከእነሱ ፊት ባዕድ ጦር ከተማውን በያዘ ጊዜ እስረኛ የሸኙ፤ የዚያን ቀን ደወሉን ለመድፍ ያቀልጡታል ተብሎ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ከሁሉ ፊት የአግዳሚው ቀን ሰዎች። ሁሉም ቆመዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፊታውራሪው አዙረዋል። አግዳሚው መሐላቸው ባዶውን ተቀምጧል፤ ሪባኑ አልተቆረጠማ።

ጀማነህ እየተጋፋ ወደፊት ወጣ። እጅ ነሣ።

"ጌታዬ፣ ንግግሩ አልቋል ይበሉልኝ። ሚስቴ መንገድ ላይ ቀርታለች። ደወሉ ይደወል ይበሉልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

ፊታውራሪው ዓይን በሌለው ፊታቸው አዩት። አዘኑለት። በእውነት አዘኑለት።

"እፈቅዳለሁ፣ ልጄ። ፈቃዱን አዘጋጅቼዋለሁ። ያለው መደምደሚያዬ ላይ ነው።"

"መደምደሚያው መቼ ነው?"

"ገና መግቢያው ላይ ነኝ።"

ጀማነህ ለመነ። መሬት ሳመ። እሱ ሲለምን ንግግሩ ይቀጥላል። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለው። ንግግር የሚያልቀው በምንድነው? ንገሩኝ እንጂ፣ ስብሰባ ሄዳችሁ አታውቁም? በጭብጨባ ነው። ተናጋሪው ባይጨርስም ሕዝቡ ካጨበጨበ ጨርሷል። ጀማነህ እጁን አነሳና አጨበጨበ። በባዶ ጣቢያ የአንድ ሰው ጭብጨባ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው አጨበጨበ። ቀጥሎ ሁሉም። ሥጋ የሌለው እጅ ሲያጨበጭብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ላይ ፍየል ሲራመድ ነው የሚመስለው። ጣሪያው ላይ የነበረው የሌሊት ወፍ ሁሉ ግር ብሎ ወጣ።

ፊታውራሪው ዝም አሉ። ፊታውራሪው ጓንታቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ይህን ያህል መወደዴን አላውቅም ነበር" አሉ። "ዘግይተው ለመጡት ስል ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።"

ጀመሩም።

ማን ነው የሚስቀው? አትሳቁ አልኩ። ያ ሰውዬ በዚያች ሰዓት ምን ቀረው? ቤቱ ባዶ፣ እድሩ ዝግ፣ ጽሕፈት ቤቱ ያዘነ፣ ሙታኑ አጨብጫቢ። ጮኾ እንኳ ለማን ይጩህ? ተስፋ ሲቆርጥ ሰው ድፍረት አያገኝም፤ መፍራቱን ይረሳል እንጂ። ጀማነህ ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ፊታውራሪው እየተናገሩ ጀርባውን ሰጣቸው።

መሳፈሪያው በሙሉ ትንፋሹን ሲሰበስብ ተሰማው። እሱ ግን ወደ ሀዲዱ ወረደ። ደወል የለም። ድንጋይ አለ። ድንጋይ አነሳና በሁለት እጁ ሀዲዱን መታው።

ኳ።

የሀዲድ ድምፅ ታውቃላችሁ? ከደወል ይበልጣል። ደወል ከተማውን ያዳርሳል፤ ሀዲድ መንገዱን ሁሉ ያዳርሳል። ድምፁ በብረቱ ውስጥ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። ከኋላው መሳፈሪያው ላይ ኮሽታ ሆነ። ዞሮ አየ። ሰዎቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነው። እንባቸውን እየጠረጉ ነው። አንድ በአንድ በበሩ ይወጣሉ። አንዲት አሮጊት በአጠገቡ ስታልፍ ዝቅ ብላ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ መቆም እግሬን ጨርሶት ነበር" አለችው። ሁሉም ወጡ። ፊታውራሪው ለባዶ መሳፈሪያ ይናገራሉ። ሰው እንደሌለ አላወቁም፤ ድሮም አያውቁም ነበር።

ጀማነህ ግን አልወጣም። ተንበርክኮ ጆሮውን ሀዲዱ ላይ ጣለ። የባቡር አገር ሰው ባቡር መምጣቱን የሚያውቀው እንደዚያ ነው። ወደ ሩቅ አዳመጠ፤ ወደ ሄደችበት፣ ወደዚያ ወደ ሐኪሙ ከተማ። ምንም የለም። አሁንም አዳመጠ። ምንም።

ከዚያ መልስ መጣ።

ኳ።

ከሩቅ የመጣ ድምፅ በሀዲድ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚደርሰው። ይኸኛው አልተንቀጠቀጠም። ይኸኛው ከአጠገቡ ነው።

ኳ።

ጆሮውን አነሳ። ከመሳፈሪያው ማዶ፣ ከሀዲዱ ወዲያ በኩል፣ ባቡር ቆሞ አመዱን የሚያራግፍበት ጉድጓድ አለ። ከአግዳሚው ቀን ወዲህ የሚጠርገው ጠፍቶ ሞልቶ፣ ሌላ ተቆፍሮለት የተረሳ። ከዚያ ነው። ጀማነህ በሆዱ ተስቦ ሄደ። በጥፍሩ ቆፈረ። አመድ። አመድ። አመድ። ከዚያ ጨርቅ። ጨለማ ነው፣ አያይም፤ ግን ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው። ስፌቱ የእሱ ነበር።

ምን ሆና ነው? ውሃ ጠምቷት ነው። በመሳፈሪያው በኩል ልውረድ ብትል ለምረቃው የመጡት እንግዶችና ሙዚቀኞች በሩን ዘግተውባታል፤ በወዲያ በኩል ወረደች፣ ወደ ውሃው ቧንቧ። የተሳፋሪው ደወል ቢደወል ትመለስ ነበር። አልተደወለም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ልትይዘው ሮጠች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀች፤ ባቡሩ በላይዋ አመዱን አራግፎ ሄደ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው በሙሉ ቆሞ ባለበት። አንድም ሰው አላየም። ለምን አላየም? ሁሉም ፊቱን አዙሮ ነበራ።

ሰው ሲነጋ አገኘው። አመድ ለብሶ፣ ቀሚሱን ታቅፎ። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ እውነትም አዲስ ነበር። ሐዘን ላይ ሰዎች ሲያጽናኑት፣ አይዞህ፣ ቢያንስ ከሩቅ መጣችልህ አሉት። ጀማነህ ለቅሶ ላይ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ከሩቅ አልመጣችም። በየአገሩ ስፈልጋት ከኋላዬ ነበረች። ዘወር ብል አያት ነበር።"



ፊታውራሪው? ፊታውራሪው አሁንም እየተናገሩ ነው። ስለዚህ በባዶ ጣቢያ አጠገብ፣ ሲመሽ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖባችሁ ብትሄዱ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ ብትሰሙ፣ አትቁሙ። በምንም ምክንያት አታጨብጭቡ።

አሁን ጧፉም ሊያልቅ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ። አንድ ልመና ግን አለኝ። ይህን ታሪክ ለማንም እንዳትደግሙት። በጀማነህ ስም ለምኛችኋለሁ። ለጎረቤት ብትነግሩ ጎረቤት ለቀበሌ ይነግራል፤ ቀበሌም ለበላይ ያሳውቃል፤ የበላይም ልቡ ይነካል። ልቡ ከተነካ ለወሰንየለሽ መታሰቢያ ያቆምላታል። መታሰቢያው ደግሞ ይመረቃል።